የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የተጠቃሚውን ሴቲንግ ምን ያህል ልቆልፍ?

ቁልፍ ያዥዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የምሠራው በአንድ መካከለኛ ድርጅት የአይቲ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ማለት እኔና አንድ ባልደረባዬ ነን። ወደ መቶ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች በእጃችን ናቸው። ግማሹ ዊንዶውስ፣ ግማሹ ግኖም የሚባለው ዴስክቶፕ የተጫነበት ሊኑክስ ነው። ለብሮውዘር ፋየርፎክስ፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ፣ ለኢሜይል ተንደርበርድ ሁሉም ላይ አሉ። ሰዉ ለምዷቸዋል፤ ሥራም ይሠራባቸዋል።

ችግሩ ሴቲንግ ላይ ነው። አንዱ ሠራተኛ የፋየርፎክስን ፕሮክሲ (ኢንተርኔቱ በድርጅቱ በኩል እንዲያልፍ የሚያደርገውን ሴቲንግ) አጥፍቶ በስልኩ ኢንተርኔት ሲጠቀም ከረመ። ሌላዋ ፒዲኤፍ ይቀይራል የተባለ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫነች። ከዚያ በኋላ የምትፈልገው ነገር ሁሉ ወደማናውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይወስዳት ጀመር። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሦስተኛው ነው። በኢሜይል አንድ የሂሳብ ሠንጠረዥ ይመጣል። «ይህን ፋይል ለማየት የማክሮ ሴኩሪቲውን ዝቅ ያድርጉ» ይላል፤ የት የት መጫን እንዳለበት በሥዕል ጭምር ያሳያል። ማክሮ ማለት ሰነዱ ውስጥ ተጽፎ የሚመጣ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሰውየው እንደተባለው ዝቅ አደረገው። ደግነቱ ባልደረባዬ ለሌላ ጉዳይ አጠገቡ ቆሞ ስለነበር ፋይሉ እንደገና ሳይከፈት አስቆመው።

ወሬው ሥራ አስኪያጃችን ጋ ደረሰ። ትእዛዛቸው አጭር ነው፦ «ሁሉንም ቆልፉ። ማንም ምንም መቀየር የለበትም።» ፕሮግራም የሚጽፍ አንድ ባልደረባችን ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሶርስ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሴቲንግ የሚለውን ሜኑ ከነጭራሹ ቆርጠን እናውጣና የራሳችንን ቅጂ እንገንባ ይላል።

ሁለቱም ልቤን አልሞሉትም። መቆለፍ እንዳለብን አምናለሁ። ግን ሰው ፊደል ለማሳደግ እንኳ እኔን መጥራት ካለበት እኔም እሱም ሥራ አንሠራም። ምን ምኑን ትቆልፋላችሁ? በምንስ ነው የምትቆልፉት? ደግሞ ክፍት ምንጭ የሆነን ሶፍትዌር እንዲህ መቆለፍ ፈቃዱን መጣስ ነው የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የድሮው አድሚን

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

ፈቃድ አልተጣሰም። ፋየርፎክስም ሊብሬኦፊስም የሚወጡት በሞዚላ ፐብሊክ ላይሰንስ 2.0 ነው። ፈቃዱ የሚናገረው ኮዱን ስለ መቅዳት፣ ስለ መለወጥና ስለ ማሠራጨት ነው። አንቺ ኮዱን አልነካሽም። ፕሮግራሙ ራሱ ለአስተዳዳሪ ብሎ ያዘጋጀውን ፋይል ነው የምትሞዪው። ጂፒኤል በሚባለው ሌላ ክፍት ፈቃድ የሚወጡትም ቢሆኑ ከዚህ አይለዩም። አንድ ድርጅት ለራሱ ቅጂ አባዝቶ ውስጥ ለውስጥ መጠቀሙን ያን ፈቃድ ያወጣው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ራሱ ማሠራጨት አይለውም። ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ነው። ሠራተኛው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ፕሮግራም አውርዶ እንዳሻው ያድርገው፤ ከልካይ የለውም።

የፕሮግራም ጸሐፊያችሁን ሐሳብ ግን በፍጹም እንዳትቀበሉት። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፋየርፎክስ በየአራት ሳምንቱ አዲስ ስሪት ያወጣል። ለድርጅት የሚሆነው ኢኤስአር የሚባለው ስሪት እንኳ፣ ዋናው ቁጥሩ በዓመት አንዴ ገደማ ይቀየር እንጂ፣ የደኅንነት ጥገናው በዚያው ፍጥነት ነው የሚመጣው። የራሳችሁን ቅጂ ከገነባችሁ ጥገና በመጣ ቁጥር እንደገና መገንባት፣ መፈተሽ፣ መቶ ኮምፒውተር ላይ ማድረስ የእናንተ ዕዳ ነው። ልጁ ፈቃድ ከወጣ ወይም ሥራ ከለቀቀ ብሮውዘራችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያረጃል። አንድ ሜኑ ለመደበቅ የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ ክፍት ይዞ መቀመጥ አይገባኝም። ደግሞም ሜኑው ጠፋ ማለት ሴቲንጉ ጠፋ ማለት አይደለም። ፋየርፎክስ ምርጫዎቹን የሚያነበው የተጠቃሚው ፕሮፋይል (የግል ምርጫዎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ ካለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ያን ፋይል በየትኛውም ቴክስት ኤዲተር ከፍቶ መለወጥ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ አንድ ሴቲንግ ከመቆለፌ በፊት ራሴን የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ይህ ቢቀየር የሚጎዳው ማን ነው? ራሱ ቀያሪው ብቻ ከሆነ አልነካውም። የገጽታው ቀለም፣ የፊደሉ መጠን፣ መሣሪያዎቹ ከላይ ይሁኑ ከጎን፣ ሲከፈት የትናንቱን ታብ ይመልስ አይመልስ፣ የእሱ ጉዳይ ነው። ጉዳቱ ለሌላ ሰው፣ ለድርጅቱ ሰነድ ወይም ለኔትወርኩ የሚተርፍ ከሆነ ግን እቆልፈዋለሁ፤ በዚህ አልደራደርም። አንቺ የዘረዘርሻቸው ሦስቱም ከዚህ ወገን ናቸው። እነሱን ቆልፊ።

በመሃል ሰፊ ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። መቆለፍ ሳያስፈልግ መነሻውን ብቻ አስተካክሎ መስጠት ይቻላል። የፋየርፎክስ ፖሊሲ (አስተዳዳሪው የሚሞላው የደንብ ፋይል) ይህን ለይቶ ያውቃል። አንድን ምርጫ «ሎክድ» ብለሽ ብትሰጪው ተጠቃሚው አይነካውም። «ዲፎልት» ብለሽ ብትሰጪው ግን ከአንቺ ምርጫ ይነሳል፤ ካልተስማማው ይቀይረዋል። የመነሻ ገጹ የድርጅቱ ገጽ እንዲሆን ብዬ ቆልፌው አላውቅም። ዲፎልት ማድረጉ ይበቃል። አብዛኛው ሰው የተሰጠውን ይዞ ነው የሚቀጥለው። የሚቀይረው ሰው ደግሞ የሚቀይረው ሥራው ላይ ስላስፈለገው ነው። ያን ሰው መከልከል ምን ይጠቅመኛል?

አሠራሩን ልንገርሽ። ፋየርፎክስ ከ2018ቱ 60ኛ ስሪት ጀምሮ «ፖሊሲስ ዶት ጄሶን» የሚባል ፋይል ያነባል። ፋይሉን ፕሮግራሙ በተጫነበት ቦታ «ዲስትሪቢውሽን» በሚባል ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ሊኑክስ ላይ ግን «ኢቲሲ» ሥር፣ «ፋየርፎክስ» ውስጥ፣ «ፖሊሲስ» የሚባለው ፎልደር ይሻላል። ምክንያቱም የመጀመሪያው የሚሠራው ለዚያ ለተጫነው ቅጂ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ሌላ ፋየርፎክስ አውርዶ ሆም ፎልደሩ ውስጥ ቢያስነሳ ቁልፍሽ አይደርስበትም። ኢቲሲ ሥር ያለው ግን ያን ቅጂም ይዞት ይሄዳል። ዊንዶውሶቹ ላይ ሞዚላ ያዘጋጀውን የግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ የአስተዳዳሪ ደንብ) ቴምፕሌት ተጠቀሚ።

ውስጡ ምን ይግባ? ፕሮክሲውን ስጪና ቆልፊው። ኤክስቴንሽን ላይ መጀመሪያ በኮከብ ምልክት ሁሉንም ዝጊ። ከዚያ የፈቀድሻቸውን በመለያቸው አንድ በአንድ ክፈቺ። ማስታወቂያ የሚከለክለውን ደግሞ በግድ እንዲጫን ማድረግ ትችያለሽ። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ስትዘጊ የሚታየውን መልእክት አንቺ መጻፍ ስለምትችይ እዚያው ላይ «ይህ ያስፈልገኛል ካሉ ለአይቲ ክፍል ይጻፉ» በይበት። ባዶ ክልከላ ሰውን ያናድዳል። በር ያለው ክልከላ ግን ጥያቄ ይዞ ወደ አንቺ ያመጣዋል።

አባውት ኮንፊግ የሚባለውን የፋየርፎክስ ዝርዝር ምርጫዎች ገጽ ብዙ ሰው በሙሉ ይዘጋል። እኔ አልዘጋም። የቆለፍሽው ምርጫ እዚያም ተቆልፎ ነው የሚታየው። የቀረውን ቢነካካ የሚበላሸው የራሱ ፕሮፋይል ነው፤ አዲስ ፕሮፋይል መፍጠር ደቂቃም አይፈጅም።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። «ሁሉንም ቆልፉ» ሲባል አፕዴትንም አብሮ የሚዘጋ አለ። ሊኑክሶቹ ላይ ጥቅሉ በሲስተሙ በኩል ስለሚታደስ ችግር የለውም። ዊንዶውሶቹ ላይ ግን አፕዴቱን ዘግተሽ በምትኩ የምታድሺበት መንገድ ከሌለሽ ከሠራተኛው ሁሉ በላይ አደጋ ያመጣሽው አንቺ ትሆኛለሽ።

ፋይሉን ስትጽፊ ደግሞ ኮማ ተጠንቀቂ። ጄሶን (ፋይሉ የሚጻፍበት ቅርጽ) መጨረሻ ላይ አንዲት ትርፍ ኮማ ካገኘ ፋይሉን በሙሉ ነው የሚጥለው። ፋየርፎክስ ምንም ሳይናገር ይከፈታል፤ አንቺ ተቆልፏል ብለሽ ትሄጃለሽ። ስለዚህ ካስቀመጥሽ በኋላ አድራሻው ላይ «አባውት ፖሊሲስ» ብለሽ ገብተሽ እዪ። የሚሠሩትን ይዘረዝርልሻል። ስሕተት ካለም ለብቻው ያሳይሻል።

ሂሳብ ክፍል ነኝ

አይቲ አይደለሁም። ግን እንዲህ ዓይነት ቁልፍ የሚያርፍበት ሰው ስለሆንኩ ልናገር።

ዓይኔ ደካማ ነው። ፊደል አሳድጌ፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ አድርጌ ነው የምሠራው። በፊት የነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሆኖ ጠበቀን። ነጭ መደብ፣ ትንሽ ፊደል፣ የድርጅቱ አርማ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የፊደል መጠኑን ላንሸራትተው ስሞክር ይደበዝዝና አይነካም። አይቲ ክፍል ደወልኩ። «መመሪያ ነው» አሉኝ። ለአንድ ሰው ለይተን መክፈት አንችልም፣ የበላይ ኃላፊ ፈርሞ ይምጣ ተባለ። ወረቀቱ እስኪፈረም ድረስ ፊቴን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ ቁጥር ሳስገባ ሰነበትኩ። የሂሳብ ሥራ ላይ ሦስትና ስምንት ሲምታቱ ምን እንደሚፈጠር ታውቁታላችሁ።

ማንም ሊጎዳኝ ብሎ አላደረገውም። ኮምፒውተሮቹ እንዲያምሩ ፈልገው ነው። ግን የኔ ፊደል መጠን የድርጅቱን ሰነድ በምን ይጎዳዋል? እባክሽ እህቴ፣ ለማየት፣ ለመስማትና ለመተየብ የሚያግዙትን ሴቲንጎች ማንም ቢያዝሽ አትቆልፊያቸው። ሰው መጥቶ «ዓይኔ አያይም» ብሎ እንዲያስረዳ ማስገደድ ራሱ ከባድ ነው። ብዙው ሰው ሳይናገር ነው የሚቸገረው።

አንድ ሌላም ልጠይቅ። እኛ ሂሳብ ክፍል ማክሮ ያላቸው ሠንጠረዦች አሉን። የወር መዝጊያው በነሱ ነው የሚሠራው። ማክሮ ሲቆለፍ እኛ ምን እንሆናለን?

የድሮው አድሚን

የተናገርሽው ልክ ነው፤ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ይቅደም። እዚህ ላይ ለሥራ አስኪያጅም ቢሆን እምቢ ማለት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማክሮውን በተመለከተ፣ ሊብሬኦፊስ ለዚሁ ጥሩ መንገድ አለው። የማክሮ ደኅንነቱ አራት ደረጃ ነው፤ ሲጫን ከላይ ሁለተኛው ላይ ነው የሚቀመጠው። የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ ከመረጥሽ የታመነ ተብሎ ከተመዘገበ ፎልደር ያልመጣ ማክሮ በሙሉ አይሠራም፤ ፊርማ ቢኖረውም አይሠራም። ስለዚህ ሰርቨር ላይ ለሂሳብ ክፍል አንድ ፎልደር ይከፈት። የወር መዝጊያ ፋይሎቹ እዚያ ይግቡ። ፎልደሩ የታመነ ቦታ ሆኖ ይመዝገብ። ከዚያ ደረጃውም የታመኑ ቦታዎች ዝርዝሩም አብረው ይቆለፉ። ዝርዝሩን ክፍት ከተውሽው ያ ኢሜይል በሚቀጥለው ጊዜ «ፋይሉን ያወረዱበትን ፎልደር የታመነ ያድርጉ» ብሎ ይመጣል።

እዚያ ፎልደር ላይ መጻፍ የሚችሉት ደግሞ ማክሮውን የሚያዘጋጁት አንድ ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ሌላው እያነበበ ይጠቀም፤ የወሩን ሥራ በራሱ ፎልደር ያስቀምጥ። ሁሉም የሚጽፍበት ፎልደር የታመነ ሊባል አይችልም።

መቆለፊያው እንዲህ ነው። ሊብሬኦፊስ ሴቲንጉን በንብርብር ነው የሚያነበው። መጀመሪያ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን፣ በላዩ የተጠቃሚውን። ከታች ባለው ንብርብር ላይ አንድን ሴቲንግ «ፋይናላይዝድ» ብለሽ ምልክት ካደረግሽበት የላይኛው ሊሽረው አይችልም። ሊኑክስ ላይ «ሼር» ሥር «ሬጂስትሪ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ የራስሽን ትንሽ ፋይል ጨምሪ። ከፕሮግራሙ ጋር የመጡትን አትንኪያቸው፤ አፕዴት ሲመጣ ይገለበጣሉ። ዊንዶውስ ላይ ሬጂስትሪ በሚባለው የሲስተሙ የሴቲንግ መዝገብ፣ የማሽኑ ፖሊሲ ሥር፣ «ሊብሬኦፊስ» በሚለው ውስጥ ነው። «ቫልዩ» ላይ ዋጋውን ትሰጪያለሽ፤ «ፋይናል» ላይ 1 ትጽፊያለሽ። ሠራተኛው ከዚያ በኋላ ሲገባ ምርጫው ደብዝዞ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ይዞ ያየዋል። ኢሜይሉ የፈለገውን ሥዕል ቢልክለት የሚጫን ነገር አያገኝም።

ግኖም ወዳጅ

ግኖሙን እኔ ልጨምር። እዚያ ሴቲንጉ የሚቀመጠው ዲኮንፍ በሚባል የሴቲንግ መዝገብ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ፕሮፋይል ፋይሉ ላይ ከተጠቃሚው ዳታቤዝ ሥር የሲስተሙን ዳታቤዝ ትጨምሪያለሽ። ዋጋዎቹን «ሎካል ዶት ዲ» ውስጥ፣ የሚቆለፉትን ስሞች ደግሞ በውስጡ «ሎክስ» በሚባለው ፎልደር ትጽፊያለሽ፤ በአንድ መስመር አንድ። ከዚያ «ዲኮንፍ አፕዴት» የሚለውን ትእዛዝ ካልሰጠሽ ምንም አይሆንም። ሰዎች ፋይሉን አስተካክለው ይህችን ትእዛዝ ይረሱና «አይሠራም» ይላሉ። ተጠቃሚውም ወጥቶ መግባት አለበት። መቆለፉን ለማረጋገጥ «ጂሴቲንግስ ራይተብል» ብለሽ ስሙን ስጪው፤ ከተቆለፈ «ፎልስ» ይልሻል።

የስክሪን መቆለፊያ ሰዓት ላይ አስቢበት። ዲኮንፍ የሚቆልፈው አንድን ዋጋ ነው። «ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ» ማለት አይችልም። አሥር ብለሽ ከቆለፍሽው ለጥንቃቄ ሦስት ደቂቃ ማድረግ የፈለገውንም ሰው ከልክለሽዋል። እኔ ሰዓቱን ዲፎልት አድርጌ ትቼ፣ ስክሪኑ ሲጠፋ ፓስወርድ ይጠይቅ የሚለውን ብቻ ብቆልፍ እመርጣለሁ። የደንበኛ መረጃ የሚከፈትበት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ሰዓቱንም ቆልፊ።

ሥራ አስኪያጁ የዴስክቶፕ ሥዕሉም አንድ ይሁን ካሉ ደግሞ ከ2022ቱ ግኖም 42 ወዲህ ለጥቁሩ ገጽታ የራሱ የሥዕል ሴቲንግ አለው። አንዱን ብቻ ከቆለፍሽ ጥቁር ገጽታ የመረጠው ሰው የፈለገውን ሥዕል ያደርጋል። ሁለቱንም መጻፍ ነው፤ ወይም መተው ነው። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ቁልፍ ያዥዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሂሳብ ክፍል ነኝ ያልሽው እህቴ፣ ቃልሽን እንዳለ ለሥራ አስኪያጁ አነብላቸዋለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ፕሮክሲውን አጥፍቶ በስልኩ ይጠቀም የነበረው ልጅ ፍላሽ ላይ ሌላ ብሮውዘር ይዞ ቢመጣ ምን አደርጋለሁ? ልጁ እንደማይተኛ አውቃለሁ። ድሮ «ሞዚላ ዶት ሲኤፍጂ» በሚባል ፋይል ይቆለፍ ነበር የሚልም አንብቤአለሁ፤ እሱ ይጠነክር ይሆን?

የድሮው አድሚን

እሱም እስካሁን ይሠራል፤ ግን አይጠነክርም። ለተለዩ ነገሮች ካልሆነ ፖሊሲው ይሻልሻል። ከተጠቀምሽበት ግን የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ፋየርፎክስ አያነበውም። እዚያ ላይ ትእዛዝ ከጻፍሽ በዝምታ ይዘለላል። ስለዚህ አንደኛው መስመር ሁልጊዜ ኮሜንት ይሁን።

ስለ ልጁ የጠየቅሽኝ የነገሩ ሥር ነው። ፕሮግራም ውስጥ ያለ የሴቲንግ ቁልፍ ሰውን ከስሕተት ይጠብቃል። ሆነ ብሎ ሊያልፍ የተነሳን ሰው አያስቆምም፤ ለዚያ አልተሠራም። ዲኮንፍ እንኳ የትኛውን ፕሮፋይል እንደሚያነብ ተጠቃሚው ራሱ በሚሰጠው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሊነገረው ይችላል። የሚያውቅ ሰው ያልፈዋል። ስለዚህ የማክሮውን ሰውዬና ይህን ልጅ ለይተሽ እያቸው። የማክሮው ሰውዬ ተታልሎ ነው፤ ለእሱ የሊብሬኦፊስ ቁልፍ ሙሉ መድኃኒት ነው። ልጁ አውቆ ነው። ለእሱ ቁልፉ ከፕሮግራሙ ውጭ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ፋየርዎሉ ላይ ከፕሮክሲው በስተቀር ወደ ውጭ የሚወጣ የዌብ ትራፊክ ይዘጋ። ያኔ ፋየርፎክስ ይሁን ሌላ፣ ፕሮክሲውን ያጠፋ ሰው የሚያገኘው ባዶ ገጽ ነው። ሁለተኛ፣ ሊኑክሶቹ ላይ ተራ ተጠቃሚ አዲስ የኔትወርክ ግንኙነት እንዳይፈጥር ፖልኪት (ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ክፍል) ላይ ደንብ ጻፊ፤ የስልኩ መንገድ የሚዘጋው እዚያ ነው፣ ብሮውዘሩ ላይ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሊኑክሶቹ ላይ የሆም ክፍልፋዩና (የተጠቃሚው ፋይሎች ያሉበት የዲስክ ክፍል) ፍላሹ ሲያያዙ (ማውንት ሲደረጉ) «ኖኤግዜክ» የሚለው ምርጫ ይሰጣቸው፤ እዚያ የተቀመጠ ፕሮግራም በቀጥታ አይነሳም። ስክሪፕት በሌላ ፕሮግራም በኩል ማስነሳት ስለሚቻል ይህም ብቻውን አይበቃም። ጠንከር ያለ ከፈለግሽ የተፈቀደው ፕሮግራም ብቻ እንዲነሳ የሚያደርግ ፋፖሊሲዲ የሚባል አለ። ዊንዶውሶቹ ላይ የዚያ አቻው አፕሎከር ነው። ግን ሁለቱንም መጀመሪያ በመመዝገቢያ ሁነታ ብቻ አስኪጃቸው። ሳይፈትሹ መዝጋት የወር መዝጊያውን ቀን ያበላሻል።

ይህን ሁሉ ግን ልጁን ሳታናግሪው አትጀምሪ። ለምን ነበር ፕሮክሲውን ያጠፋው? ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሰው የሚሸሸው የሚያስፈልገው ገጽ ተዘግቶበት ወይም ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ሆኖበት ነው። እሱ ካልተፈታ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። እንዲያ ዓይነቱ ሠራተኛ ደግሞ ከቀረቡት ብዙ ይረዳል።

ኮድ ጸሐፊ

እኔ ሜኑውን ቆርጠን የራሳችንን ቅጂ እንገንባ ያለው ልጅ አይደለሁም፤ ግን ሙያችን አንድ ስለሆነ ልመልስለት። ኮዱ ክፍት መሆኑ እዚህ ላይ የሚጠቅመን በሌላ መንገድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ቁልፍ ከሌለ ጠይቁ ወይም ጽፋችሁ ላኩ። የፋየርፎክስም የሊብሬኦፊስም ሥራ በይፋ ነው የሚሠራው፤ ጉድለት የሚመዘገብበት ቦታ ለማንም ክፍት ነው። ለውጡ ዋናው ኮድ ውስጥ ከገባ የሚያድሰው ሁሉም ነው፤ ልጃችሁ ቢለቅም አይቀርም። ጊዜውን እዚያ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ደግሞ ሁሉም ፕሮግራም እንደ እነዚህ ለአስተዳዳሪ አልታሰበለትም። ቁልፍ የሌለውን ለመቆለፍ ተጠቃሚው የሴቲንግ ፋይሉ ላይ እንዳይጽፍ የሚያደርጉ አሉ። አይመከርም። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ማስቀመጥ ያቅተውና አንዳንዱ ስሕተት ይደረድራል፤ አንዳንዱ በቅርብ የተከፈቱትን ፋይሎች እንኳ አያስታውስም። ሲገባ ትክክለኛውን ፋይል እንደገና የሚቀዳ አጭር ስክሪፕት ከዚያ ይሻላል።

ቁልፍ ያዥዋ (ጠያቂ)

ሥራ አስኪያጁን ዛሬ አነጋገርኳቸው። የሂሳብ ክፍሏን ታሪክ ካነበብኩላቸው በኋላ «ሁሉንም» የሚለውን ራሳቸው ተዉት። የተስማማነው ፕሮክሲ፣ ኤክስቴንሽን፣ ማክሮና የስክሪን ፓስወርድ ይቆለፉ ብለን ነው። የደንበኛ መረጃ ያለባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሰዓቱም ይቆለፋል። የቀረው ሁሉ ዲፎልት ነው። የሚቆለፈውና ምክንያቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከመቆለፉ በፊት ለሠራተኛው ሁሉ ይላካል።

ልጁንም አናገርኩት። የአቅራቢዎች የዋጋ ዝርዝር ያለበት አንድ ገጽ ፕሮክሲው ዘግቶበት ኖሯል። ለሥራው የግድ ነው። ጠይቆ መልስ ሲያጣ ነው ወደ ስልኩ የሄደው። ገጹን ከፍቼለታለሁ።

አሁን መጀመሪያ በእኔና በባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ፣ ቀጥሎ ፈቃደኛ በሆነ አንድ ክፍል ላይ እሞክረዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ተንደርበርድስ በዚሁ ፖሊሲ ይሄዳል?

የድሮው አድሚን

አዎ፣ ተንደርበርድም የራሱን ፖሊሲስ ዶት ጄሶን ያነባል። የፋየርፎክሱን እንዳለ ገልብጠሽ እንዳታስቀምጪ ግን፤ ሁለቱ የሚያውቋቸው ስሞች አንድ አይደሉም። ለተንደርበርድ የወጣውን ዝርዝር ተከተይ። ፕሮክሲና ኤክስቴንሽን ይበቁሻል። የኢሜይል ፊርማቸውንና የፎልደር አደራደራቸውን ተይላቸው።

ሙከራው ላይ ሂሳብ ክፍሉን መጨረሻ አድርጊው፤ የወሩን መዝጊያ ከጨረሱ በኋላ።